እመቤታችን ማርያም የተሸሸገውን ከሳሽ እንደ ገለጠች

እናንተ የእመቤታችን ወዳጆች ሆይ፣ ስሟ ሲጠራ ከሥራችሁ ቀና የምትሉ፣ በጭንቅም በደስታም ደጇን የምትጠኑ ሁሉ፣ ጆሮአችሁን ወዲህ መልሱና አምላክን የወለደች ድንግል ማርያም በወይራ አምባ አገር ለአሥራተ ማርያም ያደረገችለትን ስሙ። የምንነግራችሁ በችሎት የቆሙ ሰዎች በዓይናቸው ያዩትንና በመሐላ የመሰከሩትን ነው፤ ያላዩትን አንጨምርበትም።

ይህ አሥራተ ማርያም በወይራ አምባ ርስት ያለው ገበሬ ነበረ፤ ሚስቱም እታለማሁ ትባል ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ የእመቤታችንን የዕለት ውዳሴ ሳይደግም አፉን በእህል አይከፍትም ነበር። በዚህም ላይ አንድ ስእለት ነበረው፤ እርሱም ውዳሴዋን ባደረሰበት አፍ በዚያ ዕለት ሐሰት እንዳይናገር ነው። ውዳሴዋን ደግሞ ሳያደርስ የዋለበት ቀን ስለሌለ ሐሰት የሚናገርበት ቀን አልነበረውም። ጎረቤቶቹም ይህን ያውቁ ነበርና በሬ ሊሸጡ ገበያ ሲወጡ ከእርሱ ርቀው ይቆሙ ነበር፤ ገዢ መጥቶ «ይህ በሬ ይዋጋል?» ብሎ ቢጠይቀው «አዎ፣ ይዋጋል» ይላልና።

በዚያ ወራት የአገሩ ገዢ ፊታውራሪ ጥሶ ነበሩ። እኒህም ሰው በጦር ሜዳ ደፋር፣ በግብር ድግስ ላይም እጃቸው የተፈታ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከበታች የሚመጣ ቃል አይወዱም ነበር። በኅዳር ወር ጤፉ ደርሶ አጨዳ ሲጠብቅ «መንገድ ይሠራል» ብለው አዘዙና ሕዝቡ ከገደል ሥር ድንጋይ እየፈነቀለ በጀርባው ተሸከመ። ድንጋዩም ወደ መንገዱ አልሄደም፤ ወደ ፊታውራሪ ግቢ ሄደና ሰፊ አዳራሽ ተሠራበት። ሕዝቡ ሲሸከም ሰንብቶ ወደ ማሳው በተመለሰ ጊዜ ጤፉ ረግፎ አገኘው፤ የተረፈውንም ወፍ ለቀመው።

ከዚያም ጥምቀት ካለፈ በኋላ ፊታውራሪ አዳራሹን ለማስመረቅ ግብር አገቡና ሕዝቡን ጠሩ፤ ከሩቅ አገር የመጡ መኳንንትም ነበሩ። ሰውም በልቶ ከጠጣ በኋላ ፊታውራሪ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው «ወገኖቼ፣ በአገዛዜ የተበደለ አለ?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይጠየቅ ነበር፤ መልሱም በየዓመቱ አንድ ነበር። ሕዝቡም «የለም! ዕድሜ ይስጥዎ!» ብሎ ጮኸ። አሥራት ግን ዝም አለ። ፊታውራሪም አዩትና በእንግዶቻቸው ፊት ሊቀልዱበት ወድደው፦

«አሥራት፣ አንተ ምነው ዝም አልህ? ጉሮሮህን አመመህ እንዴ?» አሉት፤ ሰውም ሳቀ።

አሥራት ተነሥቶ እጅ ነሣና «ጌታዬ፣ ጉሮሮዬ ደኅና ነው። መንገዱ ግን አልተሠራም። ድንጋዩ ይኸው እዚህ ግድግዳ ላይ ነው። እኛ እርሱን ስንሸከም ጤፋችን ረገፈ፤ በመጪው ክረምት ብዙ ቤት ይራባል» አለ።

ፊታውራሪም ሳቁና «እውነት ተናጋሪ አይጥፋ!» ብለው በገዛ እጃቸው አንድ ብርሌ ጠጅ ሰጡት። ብዙ ሰዎች ይህን አይተው ነገሩ በሳቅ አለቀ ብለው ደስ አላቸው። አያ ምትኬ የሚባሉ ሽማግሌ ግን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ «ያቺን ጠጅ አልወደድኋትም» አሉ።

በወይራ አምባ ላይ የጥድ ዱር አለ። ጥንት የነበረ አንድ ገዢ «ከዚህ ዱር ዛፍ የቆረጠ ከርስቱ ይነቀል» ብሎ አዋጅ አስነግሮ ነበር። አዋጁን የሻረው የለም፤ ነገር ግን ከአያቶች ዘመን ጀምሮ በእርሱ የተፈረደበት ሰው አልነበረም። በአገሩም ውስጥ ምሰሶው ወይም ማገሩ ከዚያ ዱር ያልመጣ ቤት አይገኝም ነበር፤ የፊታውራሪ የግቢያቸው በር እንኳ ከዚያው ጥድ የተሠራ ነበር። አሥራትም ባለፈው ክረምት የቤቱን ምሰሶ ምስጥ ቢበላበት ከዱሩ አንድ ጥድ ቆርጦ ነበር።

ከግብሩ በኋላ ወር ሳይሞላ ፊታውራሪ ባይነሳኝ የሚባለውን ነገረ ፈጃቸውን ጠርተው «ያ ሰውዬ በአዋጁ ይጠየቅ። ነገር ግን በእኔ ስም አይሁን፤ ሰው ‹በቃሉ ተቀይሞት ነው› ይለኛል። አንተ ለአዋጁ ተቆርቁረህ የከሰስህ ሁን» አሉት። ይህንንም በኋላ ባይነሳኝ ራሱ በመሐላ ተናግሮታል። እርሱም የጌታውን እንጀራ የሚበላ ሰው ነበርና እሺ አለ፤ ወደ አሥራት ቤት ሄዶም «ከሳሽህ እኔ ነኝ፤ ሌላ የለብህም» ብሎ በሕግ አቆመው።

የአገሩም ልማድ እንዲህ ነበር፦ ከሳሽና ተከሳሽ የሸማቸውን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥረው ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ለተከሳሹ ዋስ እስኪገኝለት ወይም ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ቁራኛ ከቁራኛው አይለይም፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። አባቶች ይህን ያደረጉት ሰው ሌላውን ለመክሰስ ሲነሣ የእስሩን ግማሽ ራሱ እንዲቀምሰው ነው ይባላል። ለአሥራትም ዋስ የሚሆን ተፈለገ፤ ሰው ሁሉ ክሱ ከየት እንደ መጣ ገብቶት ነበርና አንገቱን ደፋ። ያቺን ጠጅ ያልወደዱት አያ ምትኬም በዚያ ቀን ወገቤን አሞኛል ብለው ከቤታቸው አልወጡም።

ሚስቱ እታለማሁም ወደ ጆሮው ተጠግታ «አልቆረጥሁም በል። ስትቆርጥ ያየህ የለም። ምሰሶውን ከገበያ ነው የገዛነው ብዬ እኔ እመሰክራለሁ» አለችው።

«በምን አፌ ልበለው፣ እታለም?»

«በዚያው ጤፉ ረገፈ ባልህበት አፍህ! አንድ ቀን ብታሳርፈው ምን ነበረበት? ርስታችን ሲሄድ ልጆቹን ስእለትህን ላብላቸው?» አለችና አለቀሰች፤ ነገር ግን ስንቁን ቋጥራ ሰጠችው።

ከዚያም ሁለቱ ተቋጥረው ወደ አዛዥ ክንፉ ችሎት መንገድ ጀመሩ። ባይነሳኝ ሰውነቱ የከበደ፣ በበቅሎ መሄድ የለመደ ሰው ነበርና ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ትንፋሹ አጠረ።

«ቀስ በል እንጂ! ወደ ሠርግ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለው።

«ልታስነቅለኝ እየወሰድኸኝ ደግሞ ቀስ በል ትላለህ?»

«እኔ ምን ላድርግ፤ አዋጅ ነው።»

«ያንተስ ቤት ምሰሶ ከወዴት መጣ?»

«ከአባቴ የወረስሁት ነው።»

«አባትህስ ከወዴት አመጡት?»

«ሙት አይከሰስም! ዝም ብለህ ሂድ» አለ ባይነሳኝ፤ ሳያስበውም ሳቅ አመለጠው።

ቀትር በሆነ ጊዜ ከወንዝ ዳር ካለች ዋርካ ሥር ዐረፉና አሥራት ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ እንዲህ ሲል ጸለየ፦ «እመቤቴ ሆይ፣ አልቆረጠም አስብዪልኝ አልልሽም፤ ቆርጫለሁ። ዛፉንም ሰውሪልኝ አልልሽም። ነገር ግን ስለ ምን እንደምጠየቅ ይታወቅልኝ። በአንዱ ነገር ከስሰው በሌላው እንዳይፈርዱብኝ ከልጅሽ አማልጂኝ።» ይህንም ብሎ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። በእንቅልፉም፣ በኋላ ራሱ እንደ መሰከረው፣ ብርሃን የለበሰች ሴት በአጠገቡ ቆማ አየ፤ እርስዋም «ያልለመንኸኝን አላደርግልህም፤ የለመንኸኝን ግን አደርጋለሁ» አለችው።

ባይነሳኝ ራእዩን አላየም። ያየው ይህን ብቻ ነው፦ ቋጠሮውን ሲነሡ ላልቶ እንዲቆይ አድርጎ ቋጥሮት ነበር፤ ሲሻው አውልቆ ሊዝናና አስቦ ነበርና። ያን ጊዜም ወደ ወንዙ ወርዶ ሊጠጣ ወድዶ ሊፈታው ቢሞክር እንደ ድንጋይ ጠንክሮ አገኘው። አሥራት ተኝቶ ነበር፤ እጆቹም በደረቱ ላይ ነበሩ። ባይነሳኝም ቀስቅሶት አብረው ወርደው ጠጡ።

ወደ ችሎቱም ደረሱ። አዛዥ ክንፉ ጉቦ የማይቀበሉ፣ ከሕግም ፊደል ወደ ግራ ወደ ቀኝ የማይሉ ዳኛ ነበሩ። ፊታውራሪ ጥሶም በበቅሎ ቀድመው መጥተው ነበርና «ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣሁ» ብለው ከዳኛው በስተቀኝ በምንጣፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጠው ነበር። ባይነሳኝም ክሱን አሰማ፤ አዛዥ ክንፉም ወደ አሥራት ተመልሰው «ቆርጠሃል ወይስ አልቆረጥህም?» አሉት።

«ቆርጫለሁ፣ ጌታዬ።»

በችሎቱ ያለው ሰው «እህ!» አለ። ዳኛውም «የምትለው ቀርቶሃል?» አሉት።

«አንድ ነገር ብቻ። አገሩ ሁሉ ሲቆርጥ ኖሮ ስለ ምን እኔ ብቻ እንደ ተጠየቅሁ ይጠየቅልኝ።»

ባይነሳኝ ቢጠየቅ «ለአዋጁ ተቆርቁሬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም» አለ። አዛዥ ክንፉም «ሌላው ስላልተጠየቀ አንተ አልቆረጥህም አይባልም። አዋጁ አልተሻረም፤ ሰውዬውም አምኗል። ልቤ ባይወደውም ከርስቱ ይነቀል ብያለሁ። ቋጠሮውን ፍቱና ከሳሹን አሰናብቱት» ብለው ፈረዱ።

ከዚያም የችሎቱ አሽከሮች ሊፈቱ ቀረቡና አልተፈታላቸውም፤ በጥርስ ቢሞክሩት አልሆነም፤ በቢላዋ ሊቆርጡት ቢነሡ ቢላዋው ሸማውን እንደ ዐለት ገጭቶ ስለቱ ታጠፈ። ይህን ያየ ሕዝብም መጨናነቅ ጀመረ። ፊታውራሪ ጥሶ ግን ሳቁና «ላብ ነክቶት ጠብቆ ነው፤ እናንተ የጥጥ ነገር ምን ታውቃላችሁ!» እያሉ ከምንጣፋቸው ተነሥተው ቋጠሮውን ያዙት። በያዙትም ጊዜ ያለ አንዳች ድካም ተፈታ፤ የባይነሳኝም ሸማ ወደ ምድር ወደቀ። ፊታውራሪም «አላልኋችሁም?» ብለው ወደ ቦታቸው ለመመለስ አንድ እርምጃ ቢራመዱ ወደ ኋላ ሳባቸው። ዘወር ብለው ቢያዩ የካባቸው ጫፍ ከአሥራት ሸማ ጋር ተቋጥሮ ነበር። ማን እንደ ቋጠረው ያየ የለም።

ፊታውራሪም ተቆጥተው ካባውን ከትከሻቸው ጣሉት፤ ያን ጊዜ ቋጠሮው በውስጥ በለበሱት ሸማ ላይ ሆኖ ተገኘ። ሸማውንም ሊጥሉ እጃቸውን አነሡና በሰው ፊት ራቁታቸውን እንዳይቆሙ አፍረው ተዉት። ባይነሳኝም ይህን ባየ ጊዜ በዳኛው ፊት ወድቆ «ማሩኝ! ከሳሹ እኔ አይደለሁም፤ ተልኬ ነው» አለና የታዘዘውን ሁሉ ተናገረ።

አዛዥ ክንፉም ከወንበራቸው ቀና ብለው «ፊታውራሪ፣ በአገራችን ልማድ ከተከሳሽ ጋር የሚቋጠረው ከሳሽ ነው። ከሳሹ እርስዎ ነዎትን?» አሉ።

«እኔ ከዚህ ሰው ጋር ምንም ጠብ የለኝም።»

«እንግዲያስ ይፍቱትና ይሂዱ።»

ሊፈቱት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ዳኛውም «የፈረድሁት የተሸሸገ ከሳሽ እንዳለ ሳላውቅ ነውና ፍርዱ ለጊዜው ይቁም። ነገ እንሰማለን፤ እስከዚያ ቁራኛ ከቁራኛው አይለይም» ብለው ተነሡ።

በዚያች ሌሊት ፊታውራሪ ከአሥራት ጋር ተቋጥረው አደሩ፤ እታለማሁ የቋጠረችውንም ዳቦ ቆሎ አብረው በሉ። በማለዳ አሥራት ውዳሴውን ሊያደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደና ፊታውራሪም ሳይወዱ ተከትለው ቆሙ። ጥቂት ቆይተውም «አሁንስ አልጨረስህም? ጉልበቴ እኮ ተንቀጠቀጠ» አሉ።

«ጌታዬ፣ ገና መጀመሬ ነው» አለ አሥራት።

ውዳሴውም ካለቀ በኋላ በቅጽሩ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፊታውራሪም ወደ ምድር እያዩ «መቼም ትረግመኛለህ» አሉት።

«ስለ ጤፉ አዝኛለሁ። ስለ ዛፉ ግን አልረግምዎትም፤ ቆርጫለሁ። አዋጁን በሁላችን ላይ ቢያስፈጽሙት ኖሮ ሳላጉረመርም ተነቅዬ በወጣሁ ነበር፤ ከጎረቤቶቼ ጋር ነውና።»

ፊታውራሪም ከድንጋዩ ተነሡና አብረው ወደ ችሎቱ ሄዱ።

በችሎቱም አዛዥ ክንፉ እንዲህ ሲሉ ጠየቋቸው፦ «ፊታውራሪ፣ በሕያው እግዚአብሔር ፊት ይመልሱልኝ። ይህ ሰው በግብርዎ ቀን እንደ ሌላው ‹ዕድሜ ይስጥዎ› ብሎ ቢሆን ኖሮ ስለ ዛፉ ይከሰስ ነበርን?»

ፊታውራሪ ቋጠሮውን ተመለከቱ። ከዚያም «ባይናገር ኖሮ ዛፉን አላየውም ነበር። ያስከሰስሁት ስለ ቆረጠው አይደለም፤ በእንግዶቼ ፊት ስለ ተናገረኝ ነው። የተናገረውም እውነት ነበር፤ የከፋኝም እርሱ ነው» አሉ። ይህን በተናገሩ ጊዜ ቋጠሮው ማንም ሳይነካው ተፈታና ሁለቱ የሸማ ጫፎች ለየብቻ ወደቁ። በዚያ የነበሩ ሴቶች እልል አሉ፤ ወንዶችም በግንባራቸው ተደፉ።

አዛዥ ክንፉም ሕዝቡ ጸጥ እስኪል ጠብቀው ፈረዱ፦ «ሕግ በሁሉ ላይ ሲነቃ ፍርድ ነው፤ ተኝቶ ኖሮ ለአንድ ሰው ብቻ ሲቀሰቀስ በቀል ነው። እኔም ትናንት ያንን ሳልመረምር ፈርጄ ነበርና ፍርዴን አፍርሻለሁ። አሥራት ለቆረጠው ዛፍ ችግኝ ተክሎ ያጽድቅ፤ ከዚያ ዱር የቆረጠም ሁሉ እንዲሁ ያድርግ፤ ከፊታውራሪ በር ይጀመር። ስለ ተናገረው ቃል ግን ዕዳ የለበትም። ርስቱ ርስቱ ነው።»

አሥራትም ብቻውን ወደ አገሩ ተመለሰ። ወደ ቤቱ ሲቃረብ እታለማሁ ዕቃዋን ሁሉ አውጥታ በአህዮች ላይ ጭና፣ ልጆቹንም ነጠላ አልብሳ በደጅ ቆማ አገኛት፤ የመጀመሪያውን ፍርድ የሰማ ሰው ቀድሞ መጥቶ ነግሯት ነበርና። ጎረቤቶቹም በአጥሩ ዙሪያ ቆመው ነበር፤ ሊሰናበቱ መጥተው መቅረብ ግን አፍረው ነበር። የሆነውንም ሁሉ በነገራቸው ጊዜ አያ ምትኬ እያለቀሱ ቀረቡና «ልጄ አሥራት፣ ያን ቀን ወገቤን አላመመኝም ነበር። ፈርቼ ነው» አሉት።

«አውቃለሁ፣ አያ። እርስዎም የሚነቀል ርስት አለዎት።»

እታለማሁ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ስጭን ያገዘኝ አልነበረም፤ ሳራግፍስ አታግዙኝም?» አለች። ያን ጊዜ አያ ምትኬ ፊተኛ ሆነው ወፍጮውን ከአህያዋ ጀርባ አወረዱ፤ ሌላውም ምጣዱን፣ ሌላውም የዘር ጤፉን አቁማዳ ይዞ ገባ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ እንደ ቀድሞው ሆነ። በማግስቱም ሁሉም አብረው ወደ እመቤታችን ደብር ሄደው ምስጋና አቀረቡ። ፊታውራሪ ጥሶ ልባቸው ምን ያህል እንደ ተመለሰ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሰው ያወቀው ግን በዚያ አገር ከዚያ ወዲህ በአጨዳ ወራት ማንም ድንጋይ ለመሸከም እንዳልተጠራ ነው።

የእውነተኛ ፈራጅ እናት እመቤታችን ማርያም፣ እውነት ተናግሮ በሌላ ነገር ለሚጠየቅ ሁሉ ጠበቃ ትሁነው። በወንበር ለተቀመጡ «ስለ ምን አሁን? ስለ ምን እርሱ ብቻ?» ብለው የሚጠይቁበትን ልብ ታሰጥልን፤ ሊከሱ ለሚነሡም የገዛ ቁጣቸውን አስቀድመው የሚያዩበትን ዓይን። እኛን ይህን የጻፍነውን፣ ያነበብነውንና የሰማነውንም፣ ወንድማችን ዋስ በፈለገ ቀን ወገባችንን ከሚያመን ሕመም ትሰውረን። በረከቷ በቤታችን፣ የልጅዋም ምሕረት በሁላችን ላይ ይደር፤ ዛሬም ነገም እስከ ዘለዓለሙም፤ አሜን።